የጠዋቷ ቁራጭ

ሥጋ ቤቱ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ አንድ ልማድም አብሮ ወርዷል። ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ባለቤቱ ከዕለቱ ሥጋ አንዲት ቁራጭ ጠብሶ ደንበኞች እያዩት ይበላል። «እኔ የበላሁትን ነው የምሸጥላችሁ» ማለቱ ነው። ሰፈሩ ይህን ሳያይ አይገዛም።

አባትየው አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረጉ። ከዚያ የአንጀት ካንሰር ያዛቸውና ሆስፒታል ተኙ። ልጃቸው ነርሷን ያገኛት እዚያ ነው።

ፍቅር ይመጣል ብሎ ማን ጠረጠረ? እሷ ግሉኮስ ትቀይራለች፣ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጇን ያያል። አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን አጮልቃ አየችና ቆመች።

«ይሄ ሁሉ ሥጋ ላንተ ብቻ ነው?»

«ሥጋ ሻጭ ነኝ እኮ። ሌላ ምን ልብላ?»

«ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን። አባቱን እንዲህ ያየ ሰው ለራሱ ቢያስብ ምን አለበት?»

«ጎመን ስበላ ደንበኛ ካየኝማ አገር ለቅቄ መጥፋቴ ነው።»

ሳቀች። ጉድ የሠራችው ያቺ ሳቅ ናት።

አባትየው ካረፉ በኋላም መገናኘታቸው አልቀረም። ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለው አግዳሚ ላይ ምሳዋን ለሁለት ትከፍላለች፤ እሱም አፈር አፈር የሚለውን ቀይ ሥር «ደስ ይላል» እያለ ይውጣል። ውሸቱን መሆኑን ታውቃለች። ዝም ብላ ታየዋለች፤ እሱም ያንን ዝምታ ከምሳው አብልጦ ይወደው ነበር።

ትዳር ሲያነሳ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«አንድ ቃል ግባልኝ። ሥጋ ተው።»

«ከተውኩ አይዘኝም?»

«እንደዛ ብዬ አልዋሽህም። ዕድሉን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ግን እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ሸኝቻለሁ መሰለህ። የራሴን ሰው ምንም ሳልሞክር መሸኘት አልችልም።»

ቃል ገባ። ከልቡ ነው የገባው።

ችግሩ የጠዋቷ ቁራጭ ናት። ሁለት ሳምንት ሳይበላ ቢከፍት ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። «እሱ የተጸየፈውን ለእኛ!» ተባለ። ሥጋው እንደተሰቀለ መዋል ጀመረ። ይሄኔ እናቱ መጡ።

«ልጄ፣ እህቶችህ ገና ተማሪዎች ናቸው። የምንኖረው በዚህች ሱቅ ነው። አንዲት ቁራጭ ብትበላ ምን ትሆናለህ?»

እናቱን እምቢ ማለት አቃተው፤ ቃሉን መብላትም አቃተው። ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠረ። ሥጋውን ደንበኛ ፊት ያላምጥና «ቢላ ላምጣ» ብሎ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ሄዶ ይተፋዋል። ሁሉንም ያስደሰተ መስሎታል፣ የዋሁ ሰውዬ።

አንድ ጠዋት እያላመጠ ቀና ሲል ነርሷ በሩ ላይ ቆማለች። ከአዳር ሥራ መውጣቷ ነው፤ ነጭ ጋወኗን እንኳ አላወለቀችም። ስድስት ሰው ተሰልፏል። እናቱ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጠዋል።

«ትበላለህ?» አለችው ቀስ ብላ።

ሰልፉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። «እተፋዋለሁ» ቢል ሱቁ በዚያችው ቀን ያበቃለታል። «እበላለሁ» ቢል እሷን ያጣል። እናቱን አየ፣ እሷን አየ።

«እበላለሁ» አለ። «ሥጋ ሻጭ አይደለሁ እንዴ?»

ከሰልፉ አንዱ ሳቀ። እሷ ዞራ ሄደች።

ከሰዓት ሆስፒታል ድረስ ሄዶ እውነቱን ነገራት። እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«አምንሃለሁ፣ ተፍተኸዋል» አለችው። «እኔን ያመመኝ ሥጋው አይደለም። ስጠይቅህ ዓይን ዓይኔን እያየህ ዋሸኸኝ። ነገ የሆነ ነገር ሲያምህ ብጠይቅህም ‹ደህና ነኝ› ትለኛለህ። እኔም አምኜህ ዝም እላለሁ። አባትህም እንደዚሁ ሕመማቸውን ደብቀው ቆይተው ነው የመጡት፣ ከረፈደ በኋላ።»

በወሩ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች።

እህቶቹ ተምረው ሥራ ያዙ። እናቱም አረፉ። ከሥጋ ጋር የሚያቆየው ሰው ሲያጣ መንጠቆዎቹን ነቅሎ፣ ግድግዳውን ቀለም ቀብቶ፣ አትክልት መሸጥ ጀመረ። ሥጋ ከአፉ ከገባ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ልማዱ ግን አልለቀቀውም፤ ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ፊት አንዲት ቁራጭ ካሮት ይቆረጥማል።

አንድ ጠዋት እየቆረጠመ ቀና ሲል ነርሷ ከሰልፉ መጨረሻ ቆማለች። ጠጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል፤ ጣቷ ላይ ቀለበት አለ። ተራዋ ሲደርስ የመንጠቆዎቹን ቦታ አየች፣ ጎመኑን አየች፣ ከዚያ ጉንጩን አየች።

«ዋጥከው?» አለችው።

«ዋጥኩት።»

«ምርመራስ ታደርጋለህ?»

«በየጊዜው።»

«ጎበዝ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ወይም ለእሱ እንደዚያ መሰለው። አንድ ኪሎ ካሮት መዝኖ ሰጣት። ውጭ ከቆመው መኪና ባሏ ወርዶ ዘንቢሏን ተቀበላት።

ምርመራውስ እውነት ነው፤ አንድም ጊዜ አላስተጓጎለም። ካሮቱን ግን አልዋጠውም ነበር። ገና ከሰልፉ መጨረሻ ሲያያት አልወርድ ብሎት፣ መኪናው እስኪርቅ ጉንጩ ውስጥ ይዞት ቆየ። ከዚያ ለደንበኞቹ ጀርባውን ሰጥቶ መዳፉ ላይ ተፋው።