የገብሱ ማሳ ፊልም

ሬሳው አስነጠሰ።

«ቁም!» አለች ሙሉመቤት ካሜራውን ከዓይኗ አውርዳ። «ብሩ፣ ሬሳ እኮ አያስነጥስም።»

«ገብሱ አፍንጫዬን እየኮረኮረኝ ምን ላድርግ?» አለ ሬሳው ከተጋደመበት።

ጥቅምት 1964 ዓ.ም. ነበር። ቦታው ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ሌሞ ውስጥ ያለ የገብስ ማሳ ነው። ሙሉመቤት ተክለጊዮርጊስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ካሜራው አንድ የሰላም ጓድ መምህር አገሩ ሲገባ ለትምህርት ቤቱ ትቶት የሄደው ነው። ከካሜራው ጋር ሁለት የፊልም ጥቅሎች ቀርተው ነበር። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቢጫ ካርቶን ውስጥ ናቸው።

እሷና የትምህርት ቤቱ ፊልም ክበብ ጓደኞቿ ለወላጆች ቀን የወንጀል ፊልም መክፈቻ ሊሠሩ ነው። መክፈቻውን ብቻ። ሙሉመቤት ክረምቱን አዲስ አበባ አጎቷ ዘንድ ከርማ፣ ሲኒማ ቤት እየተመላለሰች የዚህን ዓይነት ፊልም ሕግ አጥንታ መጥታለች።

«መጀመሪያ ሬሳው ይታያል» አለቻቸው። «ቀጥሎ ጫማ። ጫማው ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ሬሳው ራስጌ ይቆማል፣ ይመለሳል። የገዳዩን ፊት በፍጹም አናሳይም። ተመልካቹ ራሱ ይፈልገው።»

ጫማውን ያጠለቀው ጠና ላምቤቦ ነበር። ነጭና ጥቁር፣ ሹል፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ። በመላው ሆሳዕና እንዲህ ያለ ጫማ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባለርስቱ ፊታውራሪ ወልደሰንበት። ጠና ከትምህርት በኋላ ጫማ ሰፊ ቤት ይሠራል። ጫማው ሶሉ ሊቀየር መጥቶ አገኘውና ለአንድ ከሰዓት ወሰደው።

የጠና ታላቅ ወንድም አኑሎ የፊታውራሪ ጭሰኛ ነበር። ባለፈው ዓመት መሬቱን ልቀቅ ሲሉት አልለቅም አለ። በሳምንቱ እዚሁ ማሳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ፖሊስ «ፈረስ ጥሎት ሞተ» ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

አኑሎ ፈረስ አልነበረውም።

የክበቡ ኃላፊ፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ ኃይለመለኮት፣ ከማሳው ዳር ቆሞ እየሳቀ ይመለከት ነበር። ጠና በገብሱ መሃል እየረገጠ ሲመጣ ግን ሳቁ ቆመ። በዚያው ዝናብ ማካፋት ጀመረ።

«እኔ ልሂድ፣ ወረቀት የማርመው አለኝ» አለና ኮቱን አናቱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ከተማ ገሰገሰ።

የመጨረሻውን ትዕይንት ያለ እሱ አነሡ። ጫማው ሬሳው አጠገብ እንደቆመ ካሜራው ጠቅ ብሎ ጸጥ አለ። ፊልሙ አልቋል። ሙሉመቤት ጥቅሉን አውጥታ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው። ጠና ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቁልፍ ተቀብሎ፣ ካሜራውንና ሁለቱን ካርቶኖች ቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈባቸው፤ ቁልፉን መልሶ ጫማውን ወደ ጫማ ሰፊው ቤት ይዞ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሙሉመቤት ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ካሜራው አለ። አንዱ ካርቶን አለ። የተነሣው ፊልም የለም።

ቁልፉ አልተሰበረም።

ረፋዱ ላይ ሃምሳ አለቃ ዳኘ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ትምህርት ቤቱ ግቢ ገባ። የመጣው ስለ ፊልሙ አልነበረም። በሌሞ መንገድ በጋሪ ያለፉ ሰዎች ያዩትን ሲያወሩ፣ ወሬው የፊታውራሪ ምስለኔ ጥላዬ ጆሮ ደርሶ ነበር። ጥላዬ በጠና ላይ የስርቆት ክስ አቅርቧል። ጠናን ከክፍል አውጥተው በተማሪው ሁሉ ፊት ወሰዱት።

ሙሉመቤት ተከትላ ጣቢያ ገባች።

«የፊታውራሪን ጫማ ወስደሃል?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ወስጃለሁ። መልሻለሁም።»

«ጠፋ የሚሉት ፊልምስ?»

«አላውቅም።»

«እኔ ልንገርህ። ጫማውን አድርገህ ተነሣህ። ፊልሙ ከታየ ማስረጃ ይሆንብሃል። ስለዚህ ደበቅኸው።»

ጠና ቀና ብሎ አየው። «ጫማውን አድርጌያለሁ ብዬ በአፌ ነገርኩህ። በአፌ የነገርኩህን ለምን እደብቃለሁ? ፊልሙ ይፈለግ። ይገኝ። ሰው ሁሉ ይየው።»

ሃምሳ አለቃ ዳኘ ወደ ፖሊሶቹ ዞረ። «አስገቡት» አለ።

«ሌላ የጠየቁት ሰው አለ?» አለች ሙሉመቤት።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ስለማከብር ነው ዝም ያልኩሽ። ወደ ትምህርትሽ ሂጂ።»

አልሄደችም። ጣቢያው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ሌባ ቢሆን ካሜራውን አይተውም። ለሽያጭ የሚሆነው ካሜራው ነው። የተፈለገው ፊልሙ ብቻ ነው። ደግሞም ሰውዬው ቁልፍ አለው፤ ወይም ቁልፍ የሚሰጠው ሰው ያገኛል። ፊልሙ እንዳይታይ የሚፈልግስ ማን ነው?

የመጀመሪያው ጥላዬ ነው። ዘበኛውን በጉርሻ ወይም በማስፈራራት ሊያስከፍት ይችላል።

ሁለተኛው አባቷ ናቸው። አቶ ተክለጊዮርጊስ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ከፊታውራሪ ጋር ማዕድ ይቆርሳሉ። ልጃቸው ካሜራ ይዛ ሜዳ ለሜዳ መዞሯንም አልወደዱትም።

ሦስተኛ ሰው አልመጣላትም። ሁለተኛው ቁልፍ ያለው መምህር ኃይለመለኮት ነው፤ እሱ ደግሞ ፊልሙን ሥሩ ብሎ ያበረታታቸው ሰው ነው።

አዲስ አበባ ባየቻቸው ፊልሞች መርማሪው ሲጨንቀው ይዋሻል። እሷም ለመዋሸት ቆረጠች።

ጥላዬን ገበያ ዳር ጠጅ ቤት በር ላይ አገኘችው።

«ፊልሙን የወሰደው ሰው ተሳስቷል» አለችው። «ባዶውን ነው የወሰደው። የተነሣው እኔ ዘንድ ነው።»

«የምን ፊልም?» አለ ጥላዬ። «እኔ የከሰስኩት ስለ ጫማ ነው። ጌታዬ ጫማቸውን ቡትቶ ለባሽ አደረገብኝ ብለው አንጀታቸው አሯል።» ቀጥሎም፣ «ፊልም ማለት ያ ግድግዳ ላይ የሚታየው ነው? እኛንስ አታሳዩንም?» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ የምር ነበር። ስለ ፊልሙ የሰማው ነገር የለም።

አባቷ ምሳ ሊበሉ ሲገቡ ያንኑ ነገረቻቸው።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት ያስወሰዱት?»

አቶ ተክለጊዮርጊስ እጃቸውን እየታጠቡ ቀና አሉ። «እኔ በጓሮ በር የምገባ ሰው ነኝ? ብፈልገው ኖሮ አምጭ ብዬ ተቀብዬ፣ እዚሁ ፊትሽ አቃጥለው ነበር። እንዲያውም አንቺ ዘንድ ካለ አምጭው።»

እሷም አመነቻቸው። አባቷ ቁጡ ናቸው እንጂ ድብቅ አይደሉም።

መምህር ኃይለመለኮት ዘንድ የሄደችው ልትጠረጥረው አልነበረም። ምክር ልትጠይቀው ነበር። ግን ውሸቱ አንዴ አፏ ላይ ስለነበር ለእሱም ወጣ።

ባዶ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ እየጠረገ ነበር።

«ቲቸር፣ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎት። ሌባው የወሰደው ባዶውን ጥቅል ነው። የተነሣው አለኝ። ነገ በአውቶቡስ አዲስ አበባ እንዲታጠብ ልልከው ነው።»

ዳስተሩ ሰሌዳው ላይ ቆመ።

«አይደለም» አለ መምህሩ። «ተሳስተሻል። አትልፊ።»

«እንዴት?»

«ባዶ አልነበረም። በጥቅሉ አፍ ላይ ‹ተነሥቷል› የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ወጥቶ ነበር።»



ሙሉመቤት አንድ እርምጃ ቀረበችው።

«ያ ቃል የሚወጣው ፊልሙ ተነሥቶ ሲያልቅ ብቻ ነው» አለች። «ሲያልቅ እርስዎ ማሳው ላይ አልነበሩም። ጥቅሉን ከካሜራው አውጥቼ ካርቶኑ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ለጠና እንኳ አላሳየሁትም። የት አዩት?»

መምህር ኃይለመለኮት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በአንድ ጊዜ ያረጀ መሰለ።

«የት አለ ፊልሙ?»

«ስቤ አወጣሁት። ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት» አለ። «ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ካየ አለቀለት። ይህን ታውቂያለሽ።»

«ለምን?»

«ጫማውን አየሁት። ያ ነገር ወላጆች ፊት፣ አውራጃ ገዥው ፊት ይታያል። ከዚያ ‹የክበቡ ኃላፊ ማን ነው?› ይባላል።» ጣቶቹን እያፍተለተለ ነበር። «ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሰልፍ ወጥቼ ታስሬ ነበር። ሁለተኛ አይለምደኝም ብዬ ፈርሜ ነው የወጣሁት። አሁን ብገባ የሚያወጣኝ የለም፣ ሙሉመቤት። ለእናንተም አስቤ ነው።»

«ለእኛ?» አለች። «ጠና ሲሚንቶ ላይ ተቀምጧል። ጠዋት ሲወስዱት እርስዎ በመስኮት እያዩ ነበር። አንድ ቃል አልተናገሩም።»

«ፈራሁ።»

«እኛስ አንፈራም? ጫማው የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር መሰለዎት? አውቃለሁ። ጠናም ያውቃል። ፈርተን ነው የሠራነው።»

መምህሩ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ለሃምሳ አለቃው እኔ አልናገርም» አለች። «እርስዎ ይነግሩታል። አሁን፣ አብረን ሄደን።»

መምህሩ ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ ኮቱን አነሣ።

ሃምሳ አለቃ ዳኘ የመምህሩን ቃል ሰማ። ጫማ ሰፊውም ተጠርቶ፣ ጫማው ባለቤቱ ከመጠየቁ በፊት እንደተመለሰ መሰከረ። ጠና አመሻሹ ላይ ተፈታ።

ነገሩ ግን በዚህ አልቆመም። በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ሙሉመቤትንና ጠናን ቢሮው አስጠራቸው።

«ፊታውራሪ ታላቅ ሰው ናቸው፤ ምሕረት ያደርጋሉ» አላቸው። «ቤታቸው ሄዳችሁ እግራቸው ላይ ትወድቃላችሁ። ካሜራ የሚባል ነገር ዳግመኛ አትነኩም። አለበለዚያ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥታችኋል።»

«ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝ?» አለ ጠና።

«አንተ ነህ እንጂ!»

«ወንድሜ የሞተብኝ እኔ ነኝ። ይቅርታ የሚጠይቀኝን ሰው እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።»

«እኔም አልወድቅም» አለች ሙሉመቤት።

ሁለቱም ተባረሩ።

ከበሩ ሲወጡ መምህር ኃይለመለኮት ተከትሎ ደረሰባቸው። ካሜራውንና የቀረውን ቢጫ ካርቶን በሻሽ ጠቅልሎ ይዟል።

«ይህ ባዶው ነው» አለ ለሙሉመቤት እየሰጣት። «የክበቡ ኃላፊ ማን ነው ሲሉ ስሜን ንገሯቸው።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ገበያተኛው በሌሞ መንገድ በሚጎርፍበት ሰዓት፣ እንደገና ማሳው ውስጥ ገቡ። አልተደበቁም። ብሩ ገብሱ ውስጥ ተጋደመ። ጋሪዎች መቆም ጀመሩ። ሰው ተሰበሰበ። ጠና ጫማ አልነበረውም፤ በባዶ እግሩ መጣ።

ሃምሳ አለቃ ዳኘ ከሰዉ መሃል ብቅ አለ። «አቁሙ! ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታዝዣለሁ። ካሜራውን አምጭ።»

ሙሉመቤት ካሜራውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «አልሰጥም።»

አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ። ሁለተኛውን ሳይራመድ አንዲት ሴት ሰዉን ገፍታ ገብሱ ውስጥ ገባች። የጠናና የአኑሎ እናት ናት። የተጋደመውን ብሩን ቁልቁል አይታ በሃዲይኛ ተናገረች። ጠና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን አለች?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«‹ልጄ የወደቀው እዚህ አይደለም› ትላለች።»

እናትየው እየተራመደች ማሳው ዳር፣ ከእንሰቱ አጠገብ ቆመች። እግሯን አንስታ መሬቱን መታች። መናገሯን ቀጠለች፤ ጠናም እየተከተለ ተረጎመ።

«‹የወደቀው እዚህ ነው። ጥላዬ በቆመጥ መታው። ጌትየው ያንን ጫማ አድርገው ቆመው ያዩ ነበር፤ ጨርሰው ብለው ያዘዙትም እሳቸው ናቸው። እኔ እንሰቱ ውስጥ ነበርኩ። ከሞተ በኋላ ተሸክመው ማሳው መሃል ጣሉት።›»

ጠና ራሱ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር።

«ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አለች?» አለ ሃምሳ አለቃው። ድምፁ የትእዛዝ አልነበረም።

ጠና ጠየቃት። መልሷን ሰምቶ ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረ።

«‹የጠየቀኝ የለም› ትላለች። ‹ደግሞ የቀረኝን ልጅ እንዳይነኩብኝ ነበር። አሁን እሱንም ነኩት።›»

ከጋሪዎቹ በኩል አንድ ሽማግሌ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሬሳውን ሲሸከሙት እኔም አይቻለሁ።» ከጎኑ የቆመ ሌላ ሰው፣ «አዎ፣ አብረን ነበርን» አለ።

የአኑሎን መዝገብ የዘጋው ሃምሳ አለቃ ዳኘ ራሱ ነበር። አሁን ሰዉ ሁሉ የሚያየው እሱን ነው። ሙሉመቤትም ካሜራውን ወደ ዓይኗ አንሥታ ታየው ጀመር። መንገዱን ወደ ከተማው አየ፤ ሰዉን አየ። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ቀርቦ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«እናቴ፣ ስምዎ ማን ነው?»

ጠና ለመተርጎም አፉን ከፈተ። እናቱ በእጇ ከለከለችው።

«ኤርጎጌ» አለች በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «አሁን ጠይቀኝ።»