ኮምፒውተሩ ዝም ያለ ቀን

ያ ኮምፒውተር ሲነሳ ቤቱ በሙሉ ይሰማዋል። መጀመሪያ ያቃስታል፣ ቀጥሎ ያጓራል፣ ከዚያ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ቋ ቋ ቋ ማለት ይጀምራል። ለሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይደል፤ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ይረሳዋል። የኮምፒውተሩ ባለቤት ግን እንጀራዋ ድምፅ ነው።

ሥራዋ ማንበብ ነበር። ማየት ለማይችሉ ተማሪዎች የትምህርት መጻሕፍትን ጮክ ብላ እያነበበች ትቀዳለች። ከአክስቷ ጋር በምትኖርበት ቤት፣ ከጓዳው አጠገብ ያለችውን ጠባብ ክፍል ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፍና፣ በሯ ላይ መጋረጃ ሰቅላ፣ ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍና ስታነብ ትውላለች። መጻሕፍቱን የሚያስነብባት ቀረጻ ቤት ታዲያ የላከችውን ሁሉ ይመልስባታል። የቀረጻ ቤቱ ኃላፊ ምላሷ የማይምር ሴት ናት፤ ድምፅሽ ማር ነው፣ ግን ከኋላሽ ወፍጮ የሚያስፈጭ ሰው አለ እንዴ? ትላታለች። እንዲህ ከቀጠለ መጻሕፍቱን ለሌላ አንባቢ እንደምትሰጥም አልደበቀቻትም።

የኮምፒውተር ጠጋኙ የመጣው ያኔ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ወጣት። ሌላው ጠጋኝ ቢሆን ገና ከበሩ መፍቻውን ይመዛል፤ እሱ ግን ተንበርክኮ ጆሮውን ከኮምፒውተሩ ጎን ለጠፈና ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ልብስ ሰፊዋ አክስቷ ይህን አይታ፣ ዶክተር ነው እንዴ ያመጣነው? ብላ ሳቀች። በዚያው ስሙ ዶክተር ሆኖ ቀረ።

ዶክተሩ ምርመራውን ጨርሶ፣ ጩኸቱ ከሃርድ ዲስኩ ነው አለ። ውስጡ እንደ ሙዚቃ ሸክላ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ ሲያረጅ ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡ ደግሞ ቆርቆሮውን ሁሉ ያስጮኸዋል። አንባቢዋ ስለ ሳህኑ የሰማችው ግማሹን ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ጣቶቹን ታይ ነበር።

ይቀየር ብሎ ነገሩን መጨረስ ይችል ነበር። አላለም! መጀመሪያ ከዲስኩ ሥር ስፖንጅ አነጠፈ። ሌላ ቀን መጥቶ ዲስኩን ከማሰሪያው ፈታና በአክስትየዋ የቀሚስ ላስቲክ አየር ላይ አንጠለጠለው። ጩኸቱ እውነትም ቀነስ አለ፤ ላስቲኩ ግን ይላላል፣ ላስቲክ ለማጥበቅ ደግሞ ዶክተር መምጣት አለበት። አክስቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ ይሄ ልጅ የሚያክመው ኮምፒውተሩን ነው ወይስ አንቺን? ትላታለች። አንባቢዋ ትቆጣለች። የመምጫው ቀን ሲደርስ ግን ፀጉሯን አበጥራ፣ አፍርሳ፣ እንደገና ታበጥራለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ እሷ መብራት ይዛለት እሱ ላስቲኩን ሲያጠብቅ፣ እጁ እጇ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ። ሁለቱም ዓይናቸውን ከዲስኩ አልነቀሉም። እሱ ነው ቀድሞ የተናገረው፤ «ቲቸር» አላት፣ በምታነባቸው መጻሕፍት ምክንያት እንዲህ ነበር የሚጠራት፤ «ይሄ ነገር እንዳይድን እየጸለይኩ ነው።» አንባቢዋ ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

የጋብቻን ነገር ያነሳው ራሱ ነው። እሷ አልጠየቀችውም፤ ይሄ ይታወቅልኝ። እናቱ ብቻዋን ያሳደገችው ልጅ ነው፣ እሷን ሳያማክር አንድ እርምጃ አይራመድም። አንድ ቀን ፊቱ በርቶ መጣና፣ ስለ አንባቢዋ ለእናቱ እንደነገራት፣ የተቀዳ ድምፅዋንም በስልክ እንዳሰማት፣ እናቱም «ይቺን ልጅ መቼ ነው የምታሳየኝ?» እንዳለችው አወራላት።

ከዚያ ወዲያ በመጣ ቁጥር የእናቱን ሰላምታ ይዞ ይመጣል። እናቴ ሳመችሽ። እናቴ ጉንፋን ጥሏት ነው እንጂ ዛሬ ትመጣ ነበር። እናቴ በህልሟ አየችሽ። አንባቢዋ እናቷን በልጅነቷ ያጣች ሰው ናት፤ ያላየቻትን ሴት ሳታመነታ ወደደቻት። ለጉንፋኑ ይሆናቸዋል ብላ ከግራጫ ሱፍ ሻርፕ ሠራች፣ ጠርዙን ቀይ አድርጋ ላከችላት። ሻርፑን ይዞ በሄደ በሳምንቱ፣ ከአንገቷ አይወርድም አላት። ያን ቀን አንባቢዋ ለብቻዋ ፈገግ ስትል ዋለች። አይ ልቧ!

ከዕለታት አንድ ቀን ዶክተሩ ትንሽ ካርቶን ይዞ መጣ። አዲስ ዲስክ ነው። ሳህን የለው፣ የሚዞር ነገር የለው፣ መጮህ ቢፈልግ እንኳ የሚጮህበት የለው። ስጦታዬ ነው አላት። በአሮጌው ላይ ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ ገለበጠ፣ ላስቲኩን ፈታ፣ አዲሱን አስገብቶ አጠበቀና ማብሪያውን ተጫነ። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። ምንም የለም።

«ሞተ እንዴ?» አለች አክስቷ።

ስክሪኑ ቦግ አለ። አንባቢዋ እንባዋ መጣ። ይሄን ሁሉ ዘመን ስትታገለው የኖረችው ነገር፣ በቃ፣ ዝም አለ። አክስቷ የተጠናቀቀ ቀሚስ ለማድረስ ልትወጣ ነበርና፣ በሩ ላይ ቆማ ዶክተሩን መረቀችው።

«በይ አንብቢበት» አላት ዶክተሩ። «እኔ ጓዳ ሆኜ እጠብቃለሁ።»

የዕለቱ መጽሐፍ ስለ ከብት እርባታ ነበር። የላም ሆድ አራት ክፍል አለው፤ ላም የዋጠችውን ሣር መልሳ ታመነዥካለች። አንባቢዋ ያንን በፍቅር ደብዳቤ ለዛ አነበበችው። ስትጨርስ ጠራችው። መጥቶ ከኋላዋ ቆመ፣ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። እሷ ማዳመጫዋን እንዳጠለቀች የቀዳችውን ከመጀመሪያው ማድመጥ ጀመረች።

ጥርት ያለ ነው። ወፍጮ የለም፣ ቋ ቋ የለም። የላሟ ሁለተኛ ሆድ ላይ ስትደርስ ግን ከራሷ ድምፅ ጀርባ ሌላ ድምፅ ሰማች። ወደ ኋላ መለሰችው፣ ከፍ አደረገችው።

«ደንበኛ ቤት ነኝ እማዬ፣ ኮምፒውተር እየሠራሁ... ኧረ ማንም የለኝም፣ ስንቴ ልንገርሽ... እሺ፣ አያታለሁ። አንቺ የወደድሻትን ልጅ እኔ ምን ብዬ እጠላታለሁ? እሁድ እመጣለሁ። እሺ እማዬ።»

እዚያ ጓዳ ውስጥ ስንት ጊዜ በስልክ አውርቷል! ማሽኑ ሲያጓራ ከመጋረጃው ወዲያ ያለ ሰው ቢዘፍንም አይሰማ። ዛሬም እንደ ልማዱ ወጥቶ እንደ ልማዱ አወራ፤ መደበቂያውን በገዛ እጁ ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጠው ትዝ አላለውም።

ከኋላዋ ሆኖ ትከሻዋን ነካ ነካ አደረጋት። እንዴት ነው? አላት። ጸጥ ብሏል አለችው፣ ማዳመጫዋን እያወለቀች። ግን ሰው ነችና፣ ምናልባት የሰማሁት ሌላ ነገር ይሆናል ብላ ለራሷ ተከራከረችለት።

«እናትህ እንዴት ናቸው?» አለችው።

«ደህና ናት። አሁን እኮ ደወለች። ቲቸርን ሳምልኝ ብላሻለች» አለና ጎንበስ ብሎ ጉንጯን ሳማት።

አንባቢዋ የማዳመጫውን ገመድ ነቀለች። የላሟ ሆድ በስፒከሩ ክፍሉን ሞላው፤ ከላሟ ኋላ የእሱ ድምፅ መጣ። ማንም የለኝም። ስንቴ ልንገርሽ። እስኪያልቅ አስኬደችው። የሚሸሸግበት አንዲት ኮሽታ እንኳ አልነበረም።

«እምቢ ብለው ነው?» አለችው። «ስለ እኔ ስትነግራቸው እምቢ ብለውህ ነው?»

መሬት መሬት አየ። «አልነገርኳትም።»

«ምኑን?»

«ምንም። አንቺን አታውቅሽም።»

እምቢ ያለች እናት ብትኖር እኮ ደህና ነበር። ትለማመጣት፣ እግሯ ላይ ትወድቅ፣ ዓመትም ቢሆን ትጠብቃት ነበር። አሁን ማንን ትለምን? ሰላምታውን የላከው እሱ፣ ጉንፋኑን የፈጠረው እሱ፣ ህልሙን ያለመው እሱ። ያቺ የወደደቻት እናት ጨርሶ አልነበረችም፤ አንባቢዋ ለሁለተኛ ጊዜ እናት ሞተችባት።

«ሻርፑስ?»

«መጠገኛ ሱቄ ነው፣ መሳቢያ ውስጥ። አልጣልኩትም።»

አልጣልኩትም አላት እኮ! እንደ ውለታ።

ከዚያ ብዙ ተናገረ። ዛሬ ነገ ሲል እንደቆየ፣ እናቱን ደስ ብሏት ማየት ስለለመደ እንዳይከፋት እንደፈራ፣ ሰላምታውን የፈለሰፈው አንባቢዋ ስትደሰት ማየት ስለሚወድ እንደሆነ። እወድሻለሁ፣ ይሄ ውሸት አይደለም አላት። ውሸት እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች፤ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው።

«ለእኔ ብለህ ይሄን ማሽን ዝም አሰኘኸው» አለችው። «ለእኔ ብለህ ለእናትህ አንድ ቃል መናገር አቃተህ።»

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። አሁን እደውልላታለሁ፣ አሁኑኑ፣ አንቺ እየሰማሽ አላት። አንባቢዋ ጠበቀች። እውነቱን ለመናገር፣ ቢደውል ኖሮ ይቅር ትለው ነበር። የእናቱን ቁጥር አወጣ፣ አውራ ጣቱ ከላዩ አንዣበበ። የስልኩ መብራት ጠፋ። መልሶ አበራው። እንደገና ጠፋ።

ከጠረጴዛው ላይ መፍቻውን አንስታ አቀበለችው። ተቀብሏት ወጣ።

አክስቷ ስትመለስ አሮጌውን ዲስክና የቀሚስ ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አየች። ዶክተር ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ? ብላ ጠየቀች።

«በሽተኛው ድኗል አክስቴ» አለች አንባቢዋ። «ከእንግዲህ አይመጣም።»

አክስቷ ፊቷን አየች፣ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣል አድርጋ አቀፈቻት። ስታባብላት ቆይታ ሻይ ልታፈላ ጓዳ ገባች። አንባቢዋ የእሱ ድምፅ ያለበትን ቅጂ አጠፋችና ስለ ላሟ ሆድ እንደገና አንብባ ቀዳች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሻርፑ በፌስታል ሆኖ የበሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ብረት ብረት ይሸታል። አጥባ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው፤ ሱፉ ምን በደለ?

የቀረጻ ቤቱ ኃላፊ በዚያው ሰሞን ደወለችላት። ተደስታለች። ወፍጮ ቤቱን ዘጋሽው ወይ? ብላ ቀለደች፤ ቀጣዩም መጽሐፍ ላንቺው ነው አለቻት። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገብቷታል፤ የላሟ ሆድ ያለበት ገጽ ላይ ድምፅዋ የእሷ አይመስልም።

«አሞሽ ነበር እንዴ?»

«ጉንፋን ነው» አለች አንባቢዋ።

«ደግመሽ ታነቢዋለሽ ወይስ ልለፈው?»

«ይለፍ።»

አለፈ። ተማሪዎቹ እስከ ዛሬ ያቺን ገጽ ይሰሟታል። የላም ሆድ አራት ክፍል አለው ስትል ድምፅዋ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፤ ከኋላዋ ግን ምንም አይሰማም።