የሰባ አንደኛው መጋጠሚያ ጭነት

ከተማዋ ጠዋት ጠዋት ሁለት ጣት ዝቅ ትላለች። ፀሐይ ገመዶቿን ስታሞቃቸው ነው፤ ማታ ሲበርዱ መልሳ ከፍ ትላለች። ከገደል እስከ ገደል በተወጠረ የብረት ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ መኖር የለመደ ሰው፣ ሻዩ ብርጭቆ ውስጥ ቢያዘነብል እንኳ ልብ አይለውም። ትርሲት ግን ዛሬ ልብ አለች። ሻይዋ ወደ ምሥራቅ አዘንብሏል፤ በጠዋት ደግሞ ወደዚያ አዘንብሎ አያውቅም።

ቀና ስትል የቢሮዋ ስክሪን ላይ ሰባ አንደኛው መጋጠሚያ ቢጫ ሆኗል።

"ወይ ጣጣ! ደግሞ ይሄ ሰባ አንድ!" ብላ ተነሣች። ተቀመጠች። መልሳ ተነሣች።

የከተማዋን ብረት የሚቀምረው ፕሮግራም "ዋልታ" ይባላል። የትኛው አግዳሚ ብረት ምን ያህል ይወፍር፣ የትኛው መጋጠሚያ በስንት ቡሎን ይታሰር የሚለውን እሱ ያሰላል፤ መሐንዲሷ ትርሲት ታጸድቃለች። ከተሠራም በኋላ "ነርቭ" በሚሏቸው፣ ብረቱ ውስጥ በተቀበሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ማን የት እንደረገጠ ሳይቀር ይሰማል። ታዲያ ከስምንት ወር በፊት አግዳሚዎቹ ሲታደሱ ለሰባ አንድ ሃያ አራት ቡሎን ጠየቀ። ትርሲት በእጇ ብታሰላው፣ ብትደጋግመው፣ ከአሥራ ስምንት አይበልጥም። ምክንያቱን ስትጠይቀው "ያልተሰየመ ጭነት" አላት። ያልተሰየመ ብሎ ነገር! ይሄ ነገር ተበላሽቷል ብላ ስድስቱን ሰረዘቻቸው።

አሁን ቢጫው እየደመቀ ወደ ቀይ ሊዞር ነው። ለብረት ገጣሚዎቹ አለቃ ደወለች።

"ጋሽ አጥናፉ፣ ሰባ አንድ ላይ ምን ጫናችሁበት?"

"ምን እንጭናለን? ሁላችንም ለቅሶ ላይ ነን።"

"የማን ለቅሶ?"

"የእማማ ብርነሽ ነዋ! ትናንት ቀበርናቸው። አይ ትርሲት! ከቤትሽ ሦስተኛው በር አይደል እንዴ?"

ፊቷ ጋለ። እዚህ ሰፈር ዐሥራ አንድ ዓመት ስትኖር አንድም ለቅሶ ደርሳ አታውቅም። ሥራ አለብኝ ትላለች፤ እውነትም አለባት። አሁን ግን ለማፈርም ጊዜ የለም። ሰባ አንድ የእማማ ብርነሽን ደጅ የተሸከመው መጋጠሚያ ነው። ብርጭቆውን እንኳ ሳታስቀምጥ ሮጠች።

ድንኳኑ ከደጁ አልፎ ጎዳናውን ሞልቶታል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣቧል፤ የእድሩ ድስት፣ ውሃ የሞላ በርሜል፣ ሁሉም እዚያችው ላይ። በትርሲት ስሌት ሰው ወለሉ ላይ እኩል ተበትኖ ነው የሚኖረው። ለመሆኑ የቱ ሰው ነው ተበትኖ የሚያለቅሰው?

የእድሩን ሊቀመንበር እትዬ ዘርፌን ጠጋ ብላ በጆሯቸው፣ "ሰዉ ትንሽ ዞር ዞር ቢል…" አለቻቸው።

"ምን አልሽ? ለቀስተኛ ተበተን ይባላል? ደግሞ አንቺ፣ ገና ሳትቀመጪ!"

ድንኳኑ በሙሉ ዞሮ አያት። ወለሉ ከእግሯ ሥር ሲጥ ሲል ሰማች።

"እትዬ ዘርፌ፣ ከሥራችሁ ስድስት ቡሎን ጎድሏል። ያስጎደልኩት እኔ ነኝ። ዋልታ ያስፈልጋል ሲለኝ አብደሃል ብዬ ሰረዝኩት። በልጆቻችሁ ይዣችኋለሁ፣ ተነሡ!"

የጮኸ የለም። እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን አጥብቀው ተነሡ። "ጎረምሶች፣ በርሜሉንና ድስቱን ወደ ድልድዩ! ሌላው ሰው ቀስ ብሎ ይከተል። የእማማ ብርነሽ ልጅ ጋ አምስት አምስት ሰው በየተራ ይቀመጥ፤ ብቻዋን እንዳትሆን!"

ጋሽ አጥናፉና ገጣሚዎቻቸው ጋቢያቸውን አውልቀው ወደ ታች ወረዱ። ደግነቱ ትርሲት ቡሎኖቹን ስትሰርዝ ፋብሪካው ቀዳዳዎቹን በስቶ ጨርሶ ነበር፤ ባዷቸውን ቀርተው ነው እንጂ። ስድስተኛው ሲጠብቅ ስልኳ ላይ ሰባ አንድ አረንጓዴ ሆነ። ሰዉ ተመልሶ ተቀመጠ። እሷ ግን አፍራ ወደ ቢሮዋ ሄደች።

የጭነት ዝርዝሩን ከፈተች። ነፋስ አለ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ አለ፣ የቤት ዕቃ አለ። ከሥራቸው "ለቅሶ" ብላ ጻፈች።

ዋልታ ይህችን ቃል ሲጠብቅ የኖረ ይመስል በአንድ አፍታ ከተማዋን በሙሉ አሰላት። ስክሪኑ ላይ ቤቶቹ ተራ በተራ ቀይ ሆኑ፤ ሁሉም ተጨማሪ ቡሎን ይፈልጋሉ። የዐሥራ አንድ ዓመት እርምጃ ሰብስቧል፤ ማን የማን ለቅሶ እንደሚደርስ ያውቃል፤ የእያንዳንዱ ቤት ቀን ሲመጣ ስንት ሰው ደጁን እንደሚሞላው ቆጥሮታል። አረንጓዴ ሆኖ የቀረው አንድ ቤት ብቻ ነው።

"ቤት ቁጥር ስምንት ላይ ስህተት አለ። ድገመው" አለችው።

"ስህተት የለም" ሲል ጻፈ። "የሚጠበቅ ለቀስተኛ፦ አራት። ተጨማሪ ቡሎን አያስፈልግም።"

ቁጥር ስምንት የእሷ ቤት ነው።

እርሳስ አነሣች። በእጇ ብታሰላውም ያው ነው። ጥቁር ሻርፗን ከመንጠልጠያው አውርዳ፣ ስክሪኑን እንኳ ሳትዘጋ ወጣች።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሰባ አንድ ላይ ስልሳ ሁለት ኪሎ ጨመረ፤ እስኪመሽም ከዚያ አልተነሣም።