የምትመለሰው መርከብ

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ እግሩ እውነት ነው። የሚያወራው ሰው አንዲት ቃል ጨምሮበት ከሆነ ምላሱ ይቆረጥ። አላምንም የሚል ካለ ደግሞ ምስክር አለች፤ በቦታው የነበረች፣ ሁሉንም በዓይኗ ያየች።

ያን ጠዋት በትምህርት ቤቱ ጓሮ ያለው የውሃ ገንዳ፣ ዓሣ ነባሪ ከነቤተሰቡ ቢገባበት የማይጠበው ያ ገንዳ፣ እንደ ውቅያኖስ ይናወጥ ነበር። ነፋሱ የተማሪውን ኮፍያ ወስዶ ሲጨርስ ወደ መምህራኑ መነጽር ተሸጋግሯል። ዙሪያውን ቢያንስ ሦስት ሺህ ሰው ተኮልኩሏል። ለውድድር ከቀረቡት የእንጨት መርከቦች ከአንዷ በስተቀር ሁሉም ሰጥመው አልቀዋል። የቀረችው አንዲት ግዙፍ መርከብ ብቻ ነበረች፤ ሰው ተጋድሞ የሚተኛባት፣ ሸራዋ ሰማዩን የሚጋርድ፣ ከኋላዋ ኃይለኛ ሞተር የተገጠመላት። ሞተሩ ተጠምዝዞ የሚፈታ ላስቲክ ነው፤ ግን ምን ዓይነት ላስቲክ!

መርከቧ ገንዳው መሃል ስትደርስ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቆም አለች። ከዚያ ወደ ግራ ዞረች። ማዕበሉን እየሰነጠቀች ሰፊ ክብ ሠራችና ወደ ተነሣችበት ጠርዝ ተመልሳ፣ እዚያ የተንበረከከችውን ልጅ ጉልበት በአፍንጫዋ ነካች።

የተንበረከከችው ልጅ ሙጫ ናት። ዕድሜዋ ዐሥራ አምስት ነው። ጣቶቿ ላይ የደረቀ የእንጨት ሙጫ ጠፍቶ ስለማያውቅ የወጣላት ስም ነው፤ ዋናውን ስሟን መምህራኑ እንኳ የሚያስታውሱት በፈተና ወረቀት ላይ ሲያዩት ነው።

የውድድሩ ደንብ አጭር ነበር፤ ከዚህኛው ጠርዝ ተነሥቶ እዚያኛው ጠርዝ መድረስ። መመለስ የሚል ነገር የለበትም።

«ተበላን» አለች ሙጫ በሆዷ።

አጠገቧ የቆመው ጓደኛዋ ግን እጁን ወደ ላይ ወርውሮ ዘለለ። እሱን ራዲዮ ይሉታል። አንዴ ከተከፈተ መዝጊያው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

«አያችሁ? አያችሁ አይደል? ተመለሰች!» ብሎ ጮኸ። «የሌላው ሰው መርከብ ሄዶ ይቀራል፤ የኛዋ ባለቤቷን ታውቃለች! አቦ፣ ሆን ብለን እኮ ነው! ነፋስ ሲመታት ወደ ቤቷ እንድትመለስ አድርገን ነው የሠራናት! የስንት ወር ጥናት መሰላችሁ!»

ሦስት ሺው ሰው በአንድ ጊዜ አጨበጨበ። የሰፈሩ መስኮቶች ረገፉ ማለት ይቻላል። ሙጫ ጎንበስ ብላ መርከቧን ከውሃው አወጣችና በልብሷ ጫፍ ታደርቃት ጀመር። ማንንም አላየችም።

መርከቧ የተመለሰችበትን ምክንያት ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የመርከብ ሆድ የሚሠራው እንደ ጎድን በተደረደሩ እንጨቶች ላይ ቀጫጭን ጣውላዎችን አንድ በአንድ በመለጠፍ ነው። አንድ በግራ ከተለጠፈ የሚቀጥለው በቀኝ ይለጠፋል፤ እንደገና በግራ፣ እንደገና በቀኝ። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ሙጫው ሲደርቅ ጉዱ ይፈላል፤ ቀድሞ ያለቀው ጎን መርከቧን ወደ ራሱ ይጎትታታል። ሙጫ ይህን የተማረችው ከማንም አይደለም። የመጀመሪያ መርከቧ እንደ ሙዝ ጎብጣ፣ ከእናቷ የስፌት መኪና በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ ሜትሯን የምትሰቅለው እሷ ላይ ነው።

ከውድድሩ በፊት ባለው ሳምንት ሙጫን ትኩሳት ጣላት። ግንባሯ ላይ እንቁላል ቢሰበር ይጠበስ ነበር። ሦስት ቀን ተኛች። በአራተኛው ቀን ራዲዮ መርከቧን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ መጣ፤ ሆዷ ተለጥፎ አልቋል።

«ይኸው!» አለ፣ ፕላስተር የተጠቀለሉ ጣቶቹን እያሳየ። «መጀመሪያ ግራውን ድብን አድርጌ ጨረስኩት፣ ከዚያ ቀኙን። ሙጫው ቆዳዬን ይዞት ወጣ በናትሽ! አባቴ እንኳ መጥቶ አየው። እሱ እኮ 'አንተ ያለህ አፍህ ብቻ ነው' የሚለኝ ሰው ነው።»

ሙጫ መርከቧን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አየቻት። ጎብጣለች። ብዙ አይደለም፤ ግን ጎብጣለች።

«ቆንጆ ነው» አለች።

ሁለት ወር ሙሉ አብረው ሲሠሩ የአለጣጠፉን ደንብ አልነገረችውም ነበር። «ያንን አቀብለኝ፣ ይህንን ያዝልኝ» ብቻ ነበር የምትለው። ረስታው አይደለም።

ገንዳው ዳር ሆና ይህን እያሰበች ሳለ ጀልባ ሠሪው ደረሱ። ሽልማቱን የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ፤ የመኪናቸው ጎማ መንገድ ላይ ፈንድቶ ዘግይተው ነው የመጡት። ሽልማቱ ዋንጫ አይደለም። አሸናፊዎቹን ሁለት ልጆች ለእረፍቱ ወራት ወርክሾፓቸው ይወስዷቸዋል፤ እውነተኛ ጀልባ ወደሚሠራበት። ሙጫ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዚያ ወርክሾፕ በር ታልፋለች። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቃ ያላየችበት ቀን የለም።

ራዲዮ ሁሉንም ነገራቸው። ስለ ነፋሱ፣ ስለ ማዕበሉ፣ ስለ ሰጠሙት መርከቦች፣ ስለ ሦስት ሺው ሰው። ጀልባ ሠሪው እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ እንደ ሰኩ አዳመጡት። ከዚያ ያቺን ግዙፍ መርከብ በአንድ እጃቸው ከሙጫ ተቀበሏት፤ የሰውየው ጉልበት የሚያስገርም ነው። ገለበጧትና አውራ ጣታቸውን በሆዷ ላይ ቀስ ብለው አስኬዱት። አንድ ቦታ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«አንቺስ ልጄ?» አሉ። «እኔ አልነበርኩም፤ ያየሽውን ንገሪኝ። በምን ሒሳብ አጎበጣችኋት?»

በሌላው እጃቸው ሁለት የወርክሾፑ መመዝገቢያ ወረቀቶች ይዘዋል። ከጀርባቸው ራዲዮ ዓይኑን እያፈጠጠ አንገቱን ይነቀንቃል፤ በይ፣ በይ እንጂ።

ሙጫ ጣቷ ላይ የደረቀውን ሙጫ በጥፍሯ ላጠችው።

«ሒሳብ የለውም ጋሼ» አለች። «ሳናስበው ነው የጎበጠችው። አንዱ ጎን ቀድሞ አለቀ፤ ሲደርቅ ጎተታት።»

የራዲዮ አንገት መነቅነቁን አቆመ።

«ማን ለጠፈው?»

«እሱ። እኔ ታምሜ ነበር። ሦስት ቀን ብቻውን ለጠፈ፤ አንድም ጣውላ አልተነቀለም፣ ይዩት። አንድ በግራ አንድ በቀኝ መሆኑን ያልነገርኩት እኔ ነኝ።» መርከቧን እያየች ጨመረች፤ «እኔ ብቻ እንዳውቀው ስለፈለግኩ ነው።»

ጀልባ ሠሪው ወረቀቶቹን ብብታቸው ሥር አደረጓቸው።

«የሌሎቹ መርከቦች ሰጠሙ የተባለውስ?»

«አንዷ ብቻ ናት የሰጠመችው። የቀሩት ተሻግረዋል።»

«ሦስት ሺህ ሰው ነበር ተባለ።»

«የኛ ክፍል ነው የነበረው። ከዳይሬክተሯ ጋር አርባ ብንሆን ነው።»

«ይቺስ?» አሉ መርከቧን ከፍ አድርገው። «ሰው ይተኛባታል ሲባል ሰማሁ።»

«ሃምሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር ናት ጋሼ።»

ጀልባ ሠሪው እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው በግራው ጎን ላይ፣ ጣታቸው በቆመበት ቦታ፣ ትንሽ ምልክት አደረጉ። ከዚያ መርከቧን ለሙጫ ሳይሆን ለራዲዮ ሰጡት።

«አሁንስ ያውቃል?» ብለው ጠየቋት።

«አያውቅም» አለች ሙጫ። ወደ ራዲዮ ዞረች። «ና፣ ቁጭ በል። እዚህ ጋ እየው፤ ከዚህ ነው የሚጀመረው። አንድ በዚህ፣ አንድ በዚያ።»

ራዲዮ ገንዳው ጠርዝ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ጆሮው ቀልቷል። እርሳሱ ያረፈበትን ምልክት በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰው። ጀልባ ሠሪው ከአጠገባቸው አልሄዱም፤ ወረቀቶቹንም ከብብታቸው አላወጧቸውም።

በመጨረሻ ራዲዮ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ሙጬ» አለ በሹክሹክታ። «ቢያንስ ነፋሱን ተዪልኝ።»

ሙጫ እናቷ ከሸሚዝ ገበር የሰፋችላትን ሸራ አየች። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። እንደ መስታወት በረጋው ገንዳ ውስጥ፣ ከሸራው ሥር፣ ሌላ ሸራ ሳይንቀሳቀስ ይታያል።

«ነፋስም አልነበረም» አለች።