ሲጠብቅና ሲላላ

ቀያሹን ሞቶ ያገኘችው የማስተር ፕላን ክፍሉ ጸሐፊ ናት፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ። ወገቡን ስለሚያመው ሁልጊዜ ቆሞ በሚሠራበት ከፍ ያለ የካርታ ጠረጴዛ ሥር ተዘርሯል። አናቱ መሃል ለመሃል ተፈርክሷል። ከጎኑ የመቀየሻ መሣሪያው የብረት እግር ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ የማስታወሻ ደብተሩ እንደተገለጠ ነው።

«ሰፊው መጥቶ ነበር። መስመሩን ካላዞርክ ብሎ ዛተብኝ። አላዞርም አልኩት። ከሥራ መውጫ በኋላ እመለሳለሁ ብሏል።»

መርማሪዋ ስትደርስ ነገሩ አልቆ ጠበቃት። ልብስ ሰፊው ተይዟል። ሁለት እግሩ የተቆረጠ፣ በእጅ በሚዞር መኪና የሚሰፋ ሰው ነው። መንገዱ ሲሰፋ ይፈርሳሉ ከተባሉት ጎጆዎች አንዷ የእሱ ናት። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ፣ አቤት ለማለት በየሳምንቱ በመዳፉ እየዳኸ ሦስት ፎቅ ሲወጣ ያላየው የለም። ያን ሁሉ ጊዜ ማንም አልደገፈውም፤ ወደ እስር ቤት ሲሆን ግን በመኪና ወሰዱት።

«ገደልከው?» አለችው፣ ጣቢያ ሄዳ።

«እህቴ፣ ምስክሬን ለምን እገድላለሁ? ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ አቤቱታዬ ይሰማል። ካልቀረብኩ ከሰዓት ቤቱን ያፈርሱታል። ውስጥ እናቴ አለች። ጆሮዋ አይሰማም፤ ሎደር ቢመጣባት እንኳ አታውቅም።»

ጣቢያ አዛዡ ሻዩን እያማሰለ «ሌላ ገዳይ አምጪና ይሄን ውሰጂ» አላት።

ተመልሳ የክፍሉን ኃላፊ አነጋገረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክራቫቱ የማይላላ ሰው ነው።

«ስሚኝ እህቴ፣ ከተማችን በየቀኑ እያደገች ነው። ሰፊው ሕዝብ መንገድ ይፈልጋል። ለሰፊው ሕዝብ ሲባል ጥቂቶች ይነሳሉ።»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ጸሐፊ ከንፈሯን ነክሳ አቀረቀረች። መርማሪዋ አየቻት።

«ማስታወሻውን ለፖሊስ በስልክ ያነበቡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊው መጣ ይላል።»

«‹ልብስ› የሚል የለበትም።»

«ታዲያ ሌላ ምን ሰፊ አለ?»

ሌላ ሰፊስ ነበረ። ከጎጆዎቹ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ እግር ኳስ የሚያጫውት ሰፊ ግቢ ያለው ባለጸጋ ይኖራል። መርማሪዋ ስታገኘው ግን ሁለቱም ክንዶቹ በጀሶ ታስረዋል፤ መታጠቢያ ቤት ወድቆ ነው።

«ከአሥር ቀን ጀምሮ የምታጎርሰኝ ሚስቴ ናት» አለ እያፈረ። «ደግሞ መስመሩ በእኔ አያልፍም። ኃላፊው ቃል ሰጥቶኛል። ልጁ ልጄን ሊያገባ አይደል?»

ማዘጋጃ ቤት ተመልሳ ደብተሩን ለጸሐፊዋ፣ ለተላላኪውና ለካርታ ሠራተኛው ለየብቻ አስነበበቻቸው። ከዚያ ጸሐፊዋን አንድ ነገር በጆሮዋ ጠየቀቻት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ግድግዳው ላይ «አካታች ልማት ለሰፊው ሕዝብ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል።

«ሟቹ የተመታው አናቱ ላይ ነው፣ ያውም ቆሞ ሳለ» አለች መርማሪዋ። «ልብስ ሰፊው ቢንጠራራ የሚደርሰው ወገቡ ላይ ነው። ደግሞ የቀያሹ የእርሳስ መስመር የሚያልፈው በጎጆዎቹ ሳይሆን በግቢው ላይ ነው። መስመሩን በጎጆዎቹ የሚያሳልፈው፣ ታች የተለጠፈው ካርታ የእሱ ፊርማ የለበትም። ልብስ ሰፊው የሚያድነውን መስመር አዙር ብሎ ይዝታል? እንዲዞር የሚፈልገው ባለ ግቢው ነበር፤ እሱ ደግሞ ማንኪያ እንኳ አይዝም።»

«ታዲያ ማነው?» አለ ኃላፊው።

«ጽሕፈት አይጠብቅም፣ አይላላም፤ አንባቢ ነው የሚያጠብቀው። ሦስቱም ሠራተኞችዎ ‹ፊ›ን አጥብቀው አነበቡት። ሰፊው ሕዝብ ሳይሉ አፍዎን ስለማይከፍቱ በዚህ ቤት ሰፊው እርስዎ ነዎት። አላውቅም እንዳይሉኝ፣ አምና ሾፌሩን ያባረሩት በዚህ ቅጽል ስም ስለጠራዎት ነው። እያወቁ አላልተው ለፖሊስ አነበቡት። ደብተሩን ቀደው መጣል ይችሉ ነበር። ግን ልብስ ሰፊው ታስሮ ከአቤቱታው እንዲቀር ያመቻል ብለው ተዉት። እዚህ ላይ ነው ብልጠት የበዛብዎት።»

ኃላፊው ክራቫቱን አላላ። «ሰርጉ ሊበላሽ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ለአንድ የእርሳስ መስመር።»

ሲወስዱት መርማሪዋ ወደ ጣቢያ ደውላ ልብስ ሰፊው እንዲፈታ አደረገች። ደስ አላት። ፖሊሶቹም በመኪና አምጥተው ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ አወረዱትና ሄዱ።

ስድስት ሰዓት ሲሞላ የኃላፊው ምክትል ወንበሩን ሳበ። «አመልካች?»

«እየመጣ ነው» አለች መርማሪዋ። «ያሰርነው እኛ ነን።»

«ይገባኛል። ግን ደንቡ ጥብቅ ነው። የተለጠፈው ካርታ እስካሁን አልተሻረም።» ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። «አልቀረበም ብለሽ ጻፊ።»

መርማሪዋ ተከራከረች፣ ጮኸች፣ ሕግ ጠቀሰች። በጥርጣሬ የታሰረ ሰው እንደቀረ አይቆጠርም አለች። ከንፈር መጠጡላት። ብልህ ሴት ናት፤ ደረጃውን ግን ረስታዋለች።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ልብስ ሰፊው መዳፎቹ ደምተው አዳራሹ በር ላይ ደረሰ። የማንንም ፊት ሳያይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጨርቅ አየ።

«ይሄን እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለ እያለከለከ። «አካታች ምንድነው ብላቸው፣ አንተንም ይጨምራል አሉኝ።»

ጸሐፊዋ መዝገቡን ዘጋች። ያኔ ገባው።

«ቤት ውስጥ ሰው አለ በሏቸው። እናቴ አትሰማም» አለና ወደ ደረጃው ተመለሰ።

መርማሪዋ አልፋው ሮጠች። ሦስቱን ፎቅ ወርዳ ስትጨርስ ሎደሩ ከማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ወጥቶ ነበር።