በፎይል የተጠቀለለው ስለት

ሁለት ሰዓት ሙሉ ምድጃ ውስጥ የቆየ ስለት እንዴት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል?

ንድፍ ሠሪው ይህን ጥያቄ ለማንም አልተነፈሰውም። በጓሮው ወርክሾፕ በር ላይ ቆሞ፣ የሚስቱን ወንድም፣ የአናጢውን፣ ሬሳ በነጭ ጨርቅ ሲሸፍኑት እያየ፣ በሆዱ ብቻ ያመላልሰዋል። የስለቱ ግማሽ አሁንም የብረት መቆንጠጫው፣ ሞርሳው፣ እንደነከሰው ነው። ሌላው ግማሽ ተፈናጥሮ የአናጢውን አንገት ቆርጦ ግድግዳው ሥር ወድቋል።

ጠዋት ለአናጢው የደወለለት ራሱ ነበር። «መደርደሪያው ላይ ያለው ስለት ትንሽ ጎብጧል፤ ሞርሳ ላይ አስረህ አቅናልኝ። እኔ የልጅቷ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ አለብኝ። ዛሬ ከቀረሁ እህትህ ታርደኛለች።»

አናጢው ከት ብሎ ስቆ ነበር። «አይ አንተ! ቢላ ሠሪው አንተ፣ የምትታረደውም አንተ!»

በማግስቱ የመጣችው መርማሪ አጭር፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ሰው ሲያወራ ከፊቱ ይልቅ እጁን ታያለች።

«ሙያዎ ቢላ ሥራ ነው?»

«አይደለም። የቧንቧ መስመር ንድፍ ነው የምሠራው። ይሄ እንዲያው በትርፍ ጊዜዬ ነው።»

«ትርፍ ጊዜ አለዎት?»

ባለፈው ዓመት የሴት ልጁ ልደት ላይ ኬኩ ሲቆረስ እሱ ብረት እየሞረደ ነበር። ያን ዕለት ሚስቱ፣ «ከእኛና ከብረቱ ምረጥ» አለችው። እነሱን መረጠ፤ በአፉ ብቻ። ወርክሾፑንም ለአናጢው ለቀቀለት። ከዚያ ወዲህ የሚሠራው ተደብቆ ነው፤ ምስጢሩን የሚያውቀው አናጢው ብቻ ነበር።

መርማሪዋ የስለቱን ስባሪ ወደ መስኮቱ አቀረበችው። «አንድ ባለሙያ ጠይቄ ነበር። ብረት ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፣ ግን ተሰባሪ ይሆናል አለኝ። ያ ድርቀቱ እንዲለቀው ምድጃ ውስጥ ይቆያል። ሲወጣ ቀለሙ ማር ይመስላል። ይሄ ግን ነጭ ነው።»

«አርብ ጠዋት በፎይል ጠቅልዬ ምድጃ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ለሁለት ሰዓት።»

«የትኛው ምድጃ?»

«የ... የኩሽናው።»

«አርብ ሥራ አልነበረም?»

«አሞኛል ብዬ ቀረሁ።» ድምፁ ወረደ። «ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አለቃዬ ደወለ። አንድ ንድፍ ጠፍቶባቸው ካልመጣህ አሉኝ። ስመለስ ምድጃው ጠፍቷል። የምድጃውን ሰዓት መቁጠሪያ ሞልቼ ስለነበር ራሱ ነው የጠፋው አልኩ። የሚስቴን መኪና ስሰማ ከነፎይሉ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ማታ ሳልፈታው ወርክሾፑ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት፤ መጉበጡን ሳስገባው አይቼ ነበር፣ ቀለሙን ግን አላየሁም።»

ስለ ሬሳው ከመናገር ይልቅ ይህን መናገር ከበደው። እንደከበደው ሲገባው ደግሞ ይበልጥ አፈረ።

ሚስቱ ፋርማሲስት ናት። ዓይኗ አብጧል፤ አነጋገሯ ግን ቀጥ ያለ ነው።

«ቢላ ትጠያለሽ አሉ» አለቻት መርማሪዋ።

«እጠላለሁ። ምድጃዬ ውስጥ አግኝቼው ቢሆን ኖሮ ጩኸቴን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማው ነበር። እኔ ዝም ብሎ ማለፍ አላውቅበትም።»

የሚስቱ እናት አብረዋቸው ይኖራሉ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጫፍ ያፍተለትላሉ።

«አርብ ምድጃውን ነክተዋል፣ እናቴ?»

«ኧረ እኔ ገበያ ነበርኩ፣ ልጄ።»

«ጠረጴዛው ላይ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ብስኩትስ?»

«ከሱቅ ነው።»

መርማሪዋ አንዱን አንስታ ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰችው፤ በብርጭቆ አፍ የተቆረጠ የቤት ብስኩት ነበር። ወደ ቆርቆሮው መለሰችው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ኩሽና ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ማንኪያና አንድ ቁራጭ ፎይል ሰጠች።

«እስቲ ጠቅልሉልኝ።»

«የምን ጨዋታ ነው ይሄ?» አለች ሚስቱ።

«ትንሽ ታገሽኝ።»

ንድፍ ሠሪው እንደ ልማዱ ሁለቱን ጫፍ እንደ ከረሜላ ጠመዘዘ። ሚስቱ ድብልብል አደረገችው። አማቱ ግን ማንኪያውን መሃል አስተኝተው ጠርዙን እንደ ፖስታ አጠፉ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት።

መርማሪዋ ከወርክሾፑ ወለል ላይ ያነሳችውን ፎይል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ጠርዙ ሁለት ጊዜ ታጥፎ፣ ተጭኖ ነበር።

«አናጢው ስለቱን የፈታው ከዚህ ውስጥ ነው» አለች። «ጌታው ያስገቡት ስለት ፎይሉ እንደ ከረሜላ የተጠመዘዘ ነበር። ስለዚህ በመካከል ሌላ እጅ ከፍቶታል። ቀለሙ ደግሞ ቶሎ እንደወጣ ይናገራል። እመቤቲቱ ብታገኘው ትጮህ ነበር። ይህ ሰው ግን ዝም አለ፤ በአዲስ ፎይል ጠቅልሎም መለሰው። ቤት የተጋገረ ብስኩት ከሱቅ ነው ብሎ የዋሸኝም አንድ ሰው ነው።»

«እኔ ነኝ!» አለ ንድፍ ሠሪው ብድግ ብሎ። «ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ቢሮ ነበሩ፤ አለቃዎን ጠይቄያለሁ። አሁንም ይዋሻሉ?»

ተመልሶ ተቀመጠ። አማቱ ማንኪያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ተወው፣ ልጄ» አሉት። «ስመለስ ምድጃው ግሎ አገኘሁት። ረስቼው የሄድኩ መስሎኝ ክው አልኩ። ስከፍት የተጠቀለለ ነገር አለ፤ ዳቦ ነው ብዬ ቀደድኩት። ቢላ! ማን ነው ቢላ የሚጋግረው? ከሚስትህ የደበቅከው ነው አልኩ። ልጄ ካየችው ትዳሯ ማብቃቱ ነው። ብስኩቴን ጋገርኩ፣ ምድጃውን አጠፋሁ፣ ቢላውን ጠቅልዬ ወደ ቦታው መለስኩ። ገመናችሁን የሸፈንኩ መስሎኝ። ይቺ መርማሪ ስለ ምድጃው ስትጠይቀኝ ነው ነገሩ የገባኝ። የገዛ ወንድ ልጄን...» አልጨረሱትም።

መርማሪዋ ደብተሯን ዘጋች። «አደጋ ብዬ ነው የምጽፈው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሌላ የምጽፍበት ቃል የለኝም።»

ሚስቱ ወደ እናቷ ሄዳ ራሳቸውን ደረቷ ላይ አስጠጋች። ከዚያ ባሏን አየችው።

«ስብሰባው ላይ እጄን ይዘህ ነበር» አለች። «ወንድሜ ያንተን ብረት ሲያቀና አንተ እጄን ይዘህ፣ ስለ ልጅቷ የሂሳብ ውጤት ታወራኝ ነበር።»

እነዚያን እጆቹን የሚያስቀምጥበት ጠፋው።

በማግስቱ ሚስቱ እናቷንና ልጇን ይዛ አክስቷ ቤት ሄደች። እሱ ባዶው ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ስልኩ ላይ መልእክት ጻፈላት፣ አጠፋ፣ ደግሞ ጻፈ። ስለ አለቃው ጻፈና አጠፋው። «ብነግርሽ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ያንንም አጠፋው። በመጨረሻ፦

«እማዬ ብቻቸውን እንዳይሆኑ። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም፤ እንዲዋሹ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ይሄን አንቺ ንገሪያቸው፤ ከእኔ አፍ አያምኑትም።»

ላከው። መድረሱን አየ። ቆይቶ መነበቡንም አየ። እስከ ምሽት ስልኩን ከእጁ አልለየም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም መልስ አልመጣም።