ፀሐይ የጠጡ አምስት ዶቃዎች

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ድሬዳዋ ተኛች። ሱቁ ተዘጋ፣ ባጃጁ ዛፍ ጥላ ስር ገብቶ ክንፉን አጠፈ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለው ጊቢ ውስጥ ደግሞ አምስት ዶቃዎች ከልጆች አንገት ወልቀው ፀሐይ እንዲጠጡ ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ እንደ ካልሲ ተንጠለጠሉ።

በከተማው ያልተኛ ሰው ዘርጋው ብቻ ነው። ዘርጋው የዶቃ ተቆጣጣሪ ነው። ጠዋት ሃዲድ ሳይነካ በአየር ላይ በሚንሸራተተው ተንሳፋፊ ባቡር በአርባ ደቂቃ ከአዲስ አበባ መጣ፣ መንገዱን ሙሉ አጠገቡ የተቀመጡትን ሽማግሌ ሲጠረጥር። የገዛ ጥላው ከኋላው ሲከተለው እንኳን ዞር ብሎ መታወቂያ ሊጠይቀው ትንሽ ነው የሚቀረው።

ዶቃ የሚሏት ነገር በፀሐይ የምትሰራ፣ ሽንብራ የምታክል ማሽን ናት። አራት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ አርባ ቀን አንገቱ ላይ ያስራታል። እስኪ ቁልፍህን ቆልፍ፣ እስኪ እስከ ሃያ ቁጠር፣ እስኪ ውሃውን ሳታፈስ ጠጣ፣ እስኪ እናትህ ስትወጣ አታልቅስ እያለች ታስተምረዋለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትፈትነዋለች። በአርባኛው ቀን አረንጓዴ ከበራች ልጁ ኬጂ ገባ። ቀይ ከበራች ቦታው ለሌላ ይሰጥና ልጁ ቤቱ ቁጭ ብሎ ከግድግዳ መምህር ጋር ያድጋል። የግድግዳ መምህር ማለት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አስተማሪ ነው። አይቆጣም፣ አይስቅም፣ ከጎኑም የሚቀመጥ ልጅ የለም።

ያን ቀን አርባኛው ቀን ነበር። የዚህ ጊቢ አምስት ልጆች እስከ ትናንት ሰላሳ ቀን ሙሉ አምስቱም መቶ ከመቶ አምጥተዋል። ዘርጋው በአስራ አንድ ዓመት ስራው እንኳን አምስት፣ ሁለት ልጅ በአንድ ጊቢ መቶ ሲያመጣ አላየም። ከሁሉ የከነከነው ከአምስቱ የአንዷ፣ የሲትራ ነገር ነው። የሲትራ ዶቃ በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቀናት ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ብቻ መዝግባለች። ከአስረኛው ቀን ጀምሮ ግን ልጅቷ ድንገት ቆለፈች፣ ቆጠረች፣ ጠጣች፣ አላለቀሰችም። ይሄ ትምህርት አይደለም፣ ተአምር ነው፤ ዘርጋው ደግሞ ተአምር ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ነው የፈረመው?» ብሎ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወይ ማጽደቅ ወይ መሰረዝ አለበት።

መጀመሪያ የጠረጠረው እናቶቹን ነበር። የሲትራ እናት ኢክራም ውሃ በክሩ ውስጥ የሚዞርበት ቀዝቃዛ ሸሚዝ ትሰፋለች፤ መርፌ፣ መቆንጠጫ፣ ማጉያ መነጽር ሁሉ አላት። ዶቃ ለመክፈት የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ገና ከበሩ እንደገባ፣

«እርስዎ ይህን ዶቃ ከፍተውት ያውቃሉ?» አላት።

ኢክራም ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። «እርስዎ ማነው? ሌላ ሰው ይዘህ መጣህ እንዴ?»

«እርስዎን ነው።»

«አቦ ተው። ድሬ ነው የመጣኸው፤ አንቺ በለኝና ተቀመጥ።»

«እሺ፣ አንቺ ዶቃውን ከፍተሽዋል?»

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዜሮ ስታመጣ ማንም ከአዲስ አበባ መጥቶ ልጅሽ ምን ሆነች አላለኝም። መቶ ስታመጣ ነው ሌባ የሆንኩት?»

«ሌባ አላልኩም።»

«አፍህ አላለም። ዓይንህን ግን ጠይቀው።»

ዘርጋው ዶቃዎቹን አንድ በአንድ በማጉያ አገላበጠ። እሽጋቸው አልተነካም። አሸተታቸው። አንዷን ምላሱን ሁሉ አስነካት፤ ጨው ጨው አለው፣ የልጅ አንገት ላብ። ማንም አልከፈታቸውም።

ስለዚህ ወደ ልጆቹ ዞረ። አንድ በአንድ አስጠርቶ፣ እሱ በርጩማ ላይ፣ እነሱ ምንጣፍ ላይ፣ ምርመራ ጀመረ። መጀመሪያ የገባው ያቤጽ ነው፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ልጅ።

«ስምህ ማነው?»

ያቤጽ አሰብ አደረገ። «የዛሬው?»

ዘርጋው ብዕሩን አነሳ። «ሰው ስንት ስም አለው?»

ልጁ ጣሪያ ጣሪያ ማየት ጀመረ። መናገር የሌለበትን እንደተናገረ ገባው መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ቢሉት ቢሰሩት ፍሬ ያለው ቃል አልወጣውም።

«ቁልፍ መቆለፍ ማን አስተማረህ?»

«ማንም።»

«ማንም ማነው?»

«አላውቀውም።»

ቀጥላ ኢፍቱ ገባች። ኢፍቱ ዝም አለች። እስር ቤት ሃያ ዓመት የከረመ ሰው እንኳን እንደዚህ ዝም አይልም። ዘርጋው ብስኩት አወጣ። ተቀበለችው፣ አመሰገነችው፣ ምንም ሳትናገር ወጣች፤ በመስኮት ሲያያት ብስኩቱን አምስት ቦታ ሰብራ ስታድል ነበር። ጉቦ በላች፣ ምስጢሩን ግን አልሸጠችም። እንዲህ ያለ ምስክር ገጥሞት አያውቅም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ኢክራም ፍራሽ አነጠፈችለት።

«ተኛ።»

«እኔ ቀን አልተኛም።»

«በድሬ በዚህ ሰዓት የማይተኛ ዝንብና ሰላይ ነው። ምርጫው ያንተ ነው።»

ዘርጋው ጋደም አለ፤ እንደተኛ ሰውም አንኮራፋ። የመጋረጃውን ጫፍ ግን በጣቱ ከፍ አድርጎ ይዟል።

ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ጊቢው ሙሉ ሲያንኮራፋ፣ ሲትራ በባዶ እግሯ ወጣች። ቀጭን ናት፣ አንድ ጫማዋ የት እንደገባ ለወር ያልታወቀ ዓይነት። ባዶ ጀሪካን እየጎተተች ገመዱ ስር አመጣች፣ ወጣችበት፣ ዶቃዎቹን አንድ በአንድ አወረደች። ከየበሩ አራት ልጆች በጣቶቻቸው ጫፍ እየረገጡ መጥተው ከበቧት። ያቤጽ፣ ኢፍቱ፣ ስትቆጥር ትንፋሽ የማትወስደው ናኦሚ፣ የሚጠጣውን የማያፈሰው ቢላል።

ሲትራ አንዷን ዶቃ ወደ ጆሮዋ አስጠጋች፣ ጠዋት የሰማችውን እንደምታስታውስ ሁሉ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ ከዚያ ለያቤጽ አሰረችለት። የእሱ አይደለችም። የራሷ የሲትራ ናት።

«ስምህ ማነው?» አለች ዶቃዋ። ፀሐይ ጠጥታ ስትነቃ ሁልጊዜ የምትጠይቀው ይሄንኑ ነው።

«ሲትራ» አለ ያቤጽ፣ ድምፁ እንኳን ሳይንቀጠቀጥ።

«ሲትራ፣ እንኳን ደህና ነቃሽ። ዛሬ ቁልፍ እንቆልፋለን» አለች ዶቃዋ።

ለዘርጋው ነገሩ ገባው። እንግዲህ ምስጢሩ ይሄ ነው። ዶቃን የሰሩት መሐንዲሶች የአራት ዓመት ልጅ ስሙን አይዋሽም ብለው አምነው ነበር፤ አንዳቸውም ልጅ አሳድገው አያውቁም። ደግሞ ልጆች እንዳይኮራረጁ ብለው የአንዷን ዶቃ ፈተና ከሌላዋ ለያዩት። ዛሬ የሲትራ ቁልፍ ከሆነ የያቤጽ ቁጥር ነው፣ የናኦሚ ውሃ መጠጣት። ኩረጃ እንዳይኖር ያመጡት ዘዴ ነው መንገዱን የጠረገላቸው፤ በየቀኑ የአንዱ ፈተና ሌላው የሚችለው ነገር ነው፣ የምትተርፈውን ዶቃም የሚችለው ልጅ ደርቦ ያስራታል። ለማን ምን እንደደረሰ አስታውሶ የሚያከፋፍል ሰው ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

መጋረጃውን ገፍቶ ወጣ። «ያዝኳችሁ» አለ።

ማንም አልሮጠም። ናኦሚ ብቻ ከድንጋጤ የተነሳ መቁጠር ጀመረች፣ አስራ አራት ላይ ስትደርስ እናቶቹ ነቁ።

ኢክራም ነገሩን ስትሰማ ጀሪካኑ ላይ ዝርግት ብላ ተቀመጠች። አላወቀችም፤ ይሄን ዘርጋው እንኳን አመነ፣ እንዲህ የሚገረጣ ፊት በልምምድ አይመጣም።

«እሰርዘዋለሁ» አላት።

«ሰርዝ። መጀመሪያ ግን ለብቻ ለብቻ፣ በየራሳቸው ዶቃ ፈትናቸው። ውሸቱን ካየህ እውነቱንም አይተህ ሂድ።»

ነገሩ ልክ ነው። ልጆቹን በየተራ እያስገባ በሩን ዘጋ። ያቤጽ ስድስት ቁልፍ እንደ ልብስ ሰፊ ቆለፈ፣ እናቱ ስትወጣ ግን ጊቢው እስኪሰማ አለቀሰ። ኢፍቱ ብቻዋን ብትውል ግድ የላትም፤ ቁልፏ ግን አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሄዶ ሸሚዟ አንገቷን አነቃት። ናኦሚ ሃያን አልፋ ሰላሳ ስድስት ደረሰች፣ ውሃውን የዘርጋው ጫማ ላይ ደፋችው። ቢላል ጠብ ሳያደርግ ጠጣ፤ ቁጠር ሲባል አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ብዙ ብሎ ጨረሰ። አራቱም ዶቃዎች ቀይ።

መጨረሻ ላይ ሲትራ ገባች። ቁልፉን አልቻለችም። ሶስት ላይ ቆመች። ውሃው ፈሰሰ። በሩ ሲዘጋ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ኢክራም በመስኮቱ በኩል ሁሉንም አየች።

ዘርጋው ወረቀቱን አጠፈ። ሳያስበው፣

«ታዲያ አንቺ ምን ትችያለሽ?» አላት።

ሲትራ ባዶ እግሯን አየች።

«እሺ፣ ቁልፍ ቢያቅትሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ያቤጽን እጠራዋለሁ።»

«ልቅሶ ቢመጣብሽስ?»

«ኢፍቱን።»

«ባይመጡስ?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ጥያቄው ሳይሆን ጠያቂው ያሳዘናት ይመስል ነበር።

«ለምን አይመጡም?» አለችው።

ዘርጋው ስልኩ ውስጥ ያሉትን ስሞች በሃሳቡ ገለበጠ። ግማሾቹ ሪፖርት የጻፈባቸው ናቸው፣ ግማሾቹ ይጽፍብናል ብለው ስልክ የማያነሱለት። ወንድሙን እንኳን አንድ ጊዜ ለምን በድንገት ደወልክ ብሎ መርምሮታል። ቢጠራ የሚመጣ ሰው ፈለገ፣ ፈለገ። የገዛ ልቡን ሲፈትሽ የመጀመሪያው ነበር፤ ባዶ እጁን ወጣ።

ፀሐይ ደቻቱ ማዶ ልትወርድ ስትል ውሳኔ መቀበያ ሰሌዳውን አወጣ። የሚነካ ሁለት ቦታ ብቻ አላት፣ ቀይና አረንጓዴ፣ ከስራቸውም የማስታወሻ መስመር። ቀይ ቢነካ ልክ ነው፣ ነገ አምስት ግድግዳ ላይ አምስት መምህር ይለጠፋል። አረንጓዴ ቢነካና ቢደረስበት ስራው አለቀ፣ ከስራው ሌላ ደግሞ ምንም የለውም። ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ብድግ ብሎ በሩን ከፈተ።

«ኢክራም፣ አንዴ ነይ። አቅቶኛል።»

«ምኑ?»

«የቱን እንደምነካ።»

«ጠዋት ስትጠረጥረኝ ግን አላቃተህም» አለች። ሆኖም መጥታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። «እኔ እናት ነኝ፣ እኔን መጠየቅ ጅብን ስጋ ጠብቅ እንደማለት ነው፤ አረንጓዴ ነው የምልህ። ይልቅ አንተ ንገረኝ። ነገ አራት ዓመት ሆነህ ኬጂ ብትገባ፣ አጠገብህ ማን እንዲቀመጥ ትፈልጋለህ? መቶ ያመጣው ነው ስትጠራው የሚመጣው?»

ዘርጋው በመስኮቱ ልጆቹን አየ። «አንድ ክፍል ውስጥ ካልሆኑ ግን ያልቅላቸዋል።»

«ጻፈዋ።»

ጻፈው። አምስቱም አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር ረድፍ፣ እንዳይለያዩ። ሰሌዳውን ኢክራም ያዘችለት፤ አምስት ጊዜ አረንጓዴውን ነካ።

ሰሌዳዋ ጠየቀች።

«ተቆጣጣሪ ዘርጋው፣ ይህን ውሳኔ ብቻህን ነው የወሰንከው?»

ይህች ጥያቄ አዎ ካልተባለች ውሳኔው ውድቅ ነው፤ ሰው ለብቻው ካላሰበ አይታመንም ተብሎ የተሰራ ህግ ነው። ዘርጋው አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በእውነት አዎ ሲል ኖሯል። ብቻውን ስለነበረ አስቸግሮት አያውቅም።

ሰሌዳውን የያዘችለትን ኢክራምን አያት። በሩ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው የቆሙትን አምስት ልጆች አያቸው።

«አዎ» አለ፣ «ብቻዬን።»

«ጸድቋል» አለች ሰሌዳዋ። ምስኪን፣ አመነችው።

ኢክራም ጆሮው እስኪቀላ ድረስ እየሳቀች አየችው። በሩ ላይ ሲትራ ወደ ኢፍቱ ጆሮ ጠጋ አለች፣ ሹክሹክታዋ ግን ጊቢውን ሁሉ ነው ያዳረሰው።

«እሱም ኬጂ መግባት ይችላል።»